የሚያበራ ድንጋይና ቃጫ መሳይ ድንጋይ

ጋሸና መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መኪና በጋሸና ያልፋል። ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድም፣ ወደ ኮንና ወደ ወገል ጤና የሚወስደውም የሚለየው ከዚሁ ነው። ብርዱ ኃይለኛ ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ተሳላሚው፣ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ መኪና ይጠብቃል።

በዚህ አገር ኦፓል የሚባል ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ አንድ ጥያቄ በዝቷል። አንዱ ከጋቢው ጫፍ ላይ የቋጠረውን ይፈታና፣ «እስቲ አያ፣ ይኼ ድንጋይ ምን ይሆን? ዋጋ አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። መጠየቁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ፣ «ይህ ድንጋይ ይጎዳኛል ወይ?» የሚለው ነው። ድንጋይ የሚለቅምና የሚቆፍር ሰው ሁለቱንም ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ዋጋውን ብቻ ጠይቆ ጉዳቱን ሳይጠይቅ የሄደ ብዙ ሰው ሕይወቱን አጥቷል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለት ዓይነት ድንጋይ እንማራለን። አንደኛው የሚያበራው ኦፓል ነው። ሁለተኛው እንደ ቃጫ የሚተለተለው ድንጋይ ነው።

የደጋው ዐለት ከየት መጣ?

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚህ አገር መሬቱ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ የቀለጠ ድንጋይ እንደ አጥሚት እየተንተከተከ ወጣ። አገሩን ሁሉ አለበሰው። ከዚያም ቀዘቀዘና ጠነከረ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ወጣ፤ በፊተኛው ላይ ተኛ። እንዲህ እያለ እንጀራ በመሶብ እንደሚነባበር ተነባበረ። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2000 ሜትር ያህል ይደርሳል። ወደ በሽሎ የወረደ ሰው ገደሉ ደረጃ በደረጃ ሆኖ ያየዋል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጊዜ የፈሰሰ ድንጋይ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በዋድላና በደላንታ አሳልፈው ወደ መቅደላ ሲወስዱ፣ መንገድ ያስጠረቡት በዚሁ ዐለት ላይ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ዐለት ነው።

እሳተ ገሞራው አንዳንድ ጊዜ የቀለጠ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን አመድም ይተፋ ነበር። አመዱ በዐለቱ ላይ ረገፈ። በላዩ ደግሞ ሌላ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰበት። ስለዚህ አመዱ በሁለት ወፍራም ዐለት መካከል እንደ ስስ እንጀራ ተጋድሞ ቀረ። የእኛ አገር ኦፓል የሚገኘው በዚህ የአመድ ንጣፍ ውስጥ ነው።

ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ

ውሃ በአመዱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ ሲሊካ የሚባለውን ነገር አሟሟ። ሲሊካ አሸዋም ብርጭቆም የሚሠራበት ነገር ነው። ውሃው የያዘውን ሲሊካ በየቀዳዳውና በየስንጥቁ አስቀመጠው። ይህ ከረጅም ዘመን በኋላ ረግቶ ኦፓል ሆነ።

የኦፓል ብርሃን ከየት መጣ? ኦፓል ከጥቃቅን እንክብሎች የተሠራ ነው። የአንዱ እንክብል ስፋት ከሰው ፀጉር ውፍረት ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። እንክብሎቹ እኩል ሆነው በሥርዓት ከተደረደሩ ብርሃንን ይከፋፍሉታል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ሲገላበጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ እንደ ቀስተ ደመና ያበራል። በሥርዓት ካልተደረደሩ ግን ድንጋዩ ነጭ ወይም ቡናማ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዋጋውም ያንሳል።

በአገራችን ኦፓል አስቀድሞ በሰሜን ሸዋ፣ በመዘዞ አካባቢ ይወጣ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የወሎ ኦፓል በዓለም ገበያ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከጋሸና ብዙም ሳይርቅ፣ እስታይሽ በሚባለው ቦታ ጥቁር ኦፓል ተገኘ። ጥቁር ኦፓል ቀለሙ ጎልቶ ስለሚታይ ይፈለጋል። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች ነጩን ኦፓል በጭስ አጥቁረው ይሸጣሉ። ይህን የሚያውቅ ገዢ ጥቁር ድንጋይ ሲያይ ይጠራጠራል። በጭስ የጠቆረውን «ከመሬት እንዲሁ የወጣ ነው» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። የአንዱ ሰው ማታለል የአገሩን ሁሉ ድንጋይ ስም ያጠፋል።

የማይሆን ድካም ስናይ «ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው» እንላለን። ድንጋይ ውሃ አይጠጣም ማለታችን ነው። የወሎ ኦፓል ግን ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ክብደቱ ይጨምራል፤ ጠርቶም እንደ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል። ቀለሙም ሊጠፋ ይችላል። ሲደርቅ ቀለሙ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ኦፓልን በቆሸሸ ውሃ፣ በዘይት ወይም ቀለም ባለው ነገር ውስጥ አትንከሩት፤ እድፉን ይጠጣል። እሳት ዳር ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚመዘነውም ደርቆ ነው። እርጥብ ድንጋይ ከልኩ በላይ ይመዝናል።

ኦፓል እንክብል መሆኑን አየን። አሁን ደግሞ እንክብል ሳይሆን ክር የሆነውን ድንጋይ እንመልከት።

ድንጋይ ቃጫ ይሆናል ወይ?

አዎ፣ ይሆናል። አምፊቦል የሚባል የድንጋይ ወገን አለ። ብዙው አምፊቦል እንደማንኛውም ድንጋይ ድፍን ነው። አንዳንዱ ግን ክር ክር ሆኖ ያድጋል። በጥፍር ሲነካ እንደ ቃጫ ይተለተላል። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል።

ይህ ክር እሳት አይበላውም። ስለዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምረው እንደ ጥጥ ፈትለው እሳት የማያቃጥለው ጨርቅ ሠሩበት። በኋላም ፋብሪካዎች ከሲሚንቶ ጋር እየደባለቁ የጣራ ክዳንና የውሃ ቧንቧ፣ እንዲሁም የመኪና ፍሬን ሸራ ሠሩበት። እንዲህ ለሥራ የዋለው ክር መሳይ ድንጋይ አስቤስቶስ ይባላል። አስቤስቶስ የሚባሉት ስድስት ዓይነት ናቸው። ከስድስቱ አምስቱ የአምፊቦል ወገን ናቸው።

ከቃጫው የሚገኘው ጌጥ

ከዚህ ከአምፊቦል ክር የሚያምር ጌጥም ይገኛል። ድንጋይ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ይህንን ነው። ሦስቱን እንጥቀስ።

አንደኛው ጄድ ነው። ጄድ ከሚባሉት ሁለት ድንጋዮች አንዱ ኔፍራይት ይባላል፤ እሱም አምፊቦል ነው። በኔፍራይት ውስጥ ያሉት ክሮች እጅግ ጥቃቅን ናቸው። እርስ በርሳቸውም ተጠላልፈው ተጣብቀዋል። የበግ ጠጉር በውሃ እየተረገጠ ሲጠባበቅ ጠንካራ ልብስ እንደሚሆን ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ኔፍራይት በመዶሻ ቢመታ በቀላሉ አይሰበርም። ቻይናዎች ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምረው ጌጥና ዕቃ ቀርጸውበታል። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎችም መጥረቢያና የጦር መሣሪያ ይሠሩበት ነበር።

ሁለተኛው የድመት ዓይን ይባላል። ክሮቹ ሳይጠላለፉ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ሲገኙ፣ ድንጋዩ ክብ ተደርጎ ይሳላል። ያን ጊዜ በላዩ ላይ አንድ የብርሃን መስመር ይታያል። ድንጋዩ ሲገላበጥ መስመሩም ይሄዳል፤ የድመት ዓይን ይመስላል። እንዲህ ያለ ኔፍራይት በታይዋን ይገኛል።

ሦስተኛው የነብር ዓይን ነው። ይህ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከኦሬንጅ ወንዝ አካባቢ ይወጣል። መነሻው ክሮሲዶላይት የሚባል ሰማያዊ ቃጫ ነው። ኳርትዝ የሚባለው ጠንካራ ድንጋይ ቃጫውን ከቦ ዘጋበት። በክሩ ውስጥ የነበረው ብረት ሲዝግ ቀለሙ ወደ ወርቃማ ቢጫ ተለወጠ። ብረቱ ሳይዝግ ሰማያዊ ሆኖ የቀረው ደግሞ የጭልፊት ዓይን ይባላል።

በእነዚህ ጌጦች ውስጥ ክሩ ታስሯል። በጣት ወይም በአንገት ማድረጉ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ድንጋዩ በደረቁ ሲቆረጥ፣ ሲፈጭና ሲሳል ነው። ያን ጊዜ የታሰረው ክር ተፈትቶ አቧራ ይሆናል።

የማይታየው አቧራ

አውድማ ላይ እህል ስናበራይ አቧራና እብቅ እንተነፍሳለን። ያስነጥሰናል፤ ያስለናል። አብዛኛውን ከአክታ ጋር እንተፋዋለን። የአስቤስቶስ አቧራ ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ክር በቁመቱ እየተሰነጠቀ ወደ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ይለወጣል። በመጨረሻ ዓይን አያየውም። አየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል። ሰው ሲተነፍስ ወደ ሳንባ ጥልቅ ይገባል። ሰውነት ሊያሟሟው አይችልም፤ ሁሉንም ሊያወጣውም አይችልም። ክሩ በሳንባ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ይቀራል።

ሳንባውም እየቆሰለና እየጠበሰ ይሄዳል። የሰውየው ትንፋሽ ያጥራል። ወይም የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ሽፋን ነቀርሳ ይይዘዋል። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ይቆያል። በወጣትነቱ የተነፈሰው አቧራ፣ ሰውየውን ልጆቹን ድሮ ከጨረሰ በኋላ ይገድለዋል። ሰዎች ለረጅም ዘመን ሳይነቁ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አስቤስቶስ በሙሉ ነቀርሳ እንደሚያመጣ አስታውቋል።

በአውስትራሊያ ዊትኑም የምትባል ከተማ ነበረች። ሰማያዊውን ክሮሲዶላይት የሚያወጣው የማዕድን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1966 ተዘጋ። በሽታው ግን አብሮ አልተዘጋም። ከዚያ ከሠሩትና ከኖሩት ሰዎች ከ2000 በላይ የሚሆኑት እንደሞቱ ይነገራል። ከሞቱት መካከል ጉድጓድ ገብተው የማያውቁ ሴቶች ነበሩ። የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ እያራገፉ ያጠቡ ነበር። በከተማዋ አቧራ ውስጥ የተጫወቱ ሕፃናትም አድገው ታመሙ።

ሌላም ምሳሌ አለ። በቱርክ አገር ቀጰዶቅያ የሚባል ስፍራ አለ። የቅዱስ ባስልዮስ አገር ነው። እዚያም እንደ ላሊበላ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በዚያ አገር በጥቂት መንደሮች ውስጥ ብዙ ሰው በሳንባ ሽፋን ነቀርሳ ይሞት ነበር። ሐኪሞች ሲመረምሩ፣ መንደሮቹ በነበሩበት የአመድ ዐለት ውስጥ ኤሪዮናይት የሚባል እንደ ፀጉር የቀጠነ ማዕድን አገኙ። ኤሪዮናይት አምፊቦል አይደለም። ክር በመሆኑ ግን እንደ አስቤስቶስ ይጎዳል። ብዙዎቹ ሰዎች በኋላ ቤታቸውን እየለቀቁ ወደ ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

በእኛ አገርስ?

ጋሸናና ላስታ ቃጫ መሳይ አምፊቦል የሚፈለግበት አገር አይደለም። እዚህ ያለው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ዐለት ነው። አምፊቦል በብዛት የሚገኘው ከዚህ ዐለት እጅግ በሚያረጁት ዐለቶች ውስጥ ነው። እነዚህ አሮጌ ዐለቶች በትግራይ፣ በወለጋ፣ በቤንሻንጉልና በጉጂ ይታያሉ። የሻኪሶ መረግድ የሚወጣውም ከእነዚህ አሮጌ ዐለቶች ነው። የእኛ ልጆች ለሥራ ወደነዚህ አገሮች ይሄዳሉ። ስለዚህ ቃጫ መሳዩን ድንጋይ ማወቅ ለእኛም ያስፈልጋል።

በደጋው ጥቁር ዐለት ቀዳዳዎች ውስጥ ደግሞ እንደ መርፌ ወይም እንደ ፀጉር የቆመ ነጭ ነገር አልፎ አልፎ ይገኛል። ይህ ብዙውን ጊዜ ዜዎላይት የሚባል ማዕድን ነው። ኤሪዮናይትም ከዜዎላይት ወገን ነው። ይህ ማለት ግን የላስታ ድንጋይ ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው ዜዎላይት እንደ ኤሪዮናይት አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለም ማንንም አይነካም። ነገር ግን የትኛው ምን እንደሆነ በዓይን ብቻ አይለይም፤ በመሣሪያ መመርመር አለበት። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ፀጉር ወይም ቃጫ የሚመስለውን ድንጋይ አትስበሩ፤ አትፍጩ፤ ለልጅ መጫወቻ አትስጡ።

ገደሉም አቧራውም

ወደ ኦፓሉ እንመለስ። የኦፓሉ ንጣፍ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ስስ ነው። የሚገኘውም በገደል ወገብ ላይ ነው። ቆፋሪው ንጣፉን እየተከተለ ወደ ገደሉ ውስጥ ዋሻ ይቆፍራል። ከበላዩ ብዙ ከባድ ዐለት አለ። ንጣፉ ግን ለስላሳ ነው። ለስላሳውን ባወጣ ቁጥር ከባዱን የሚደግፍ ነገር ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. በደላንታ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች በውስጥ ታፍነው ቀርተዋል። ዋሻ ከአንዴም ሁለቴ ሰው በልቷል።

አቧራም በዚያው አለ። የዐለት አቧራ አስቤስቶስ ባይሆንም ሲሊካ አለበት። ለብዙ ዓመት የተነፈሰውን ሰው ሳንባ ያደርቃል። ኦፓል በደረቁ የሚስል ሰውም ከዚህ አደጋ አያመልጥም።

ስለዚህ ድንጋይ የሚለቅምና የሚቆፍር ሰው የሚከተሉትን ይጠብቅ።

1. ብቻችሁን ወደ ዋሻ አትግቡ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ከውጭ ይቁም።

2. ጣራውን በወፍራም እንጨት ሳትደግፉ ወደ ውስጥ አትግፉ። ሲሰነጠቅ ወይም አፈር ሲረግፍ ካያችሁ መሣሪያችሁን ጥላችሁ ውጡ። ዶማ ይተካል፤ ሰው አይተካም።

3. በክረምትና ከዝናብ በኋላ አትቆፍሩ። ውሃ የጠጣ ገደል ይናዳል።

4. ድንጋይ ስትቆርጡና ስትስሉ ውሃ እያፈሰሳችሁ ይሁን። እርጥብ አቧራ አይነሳም።

5. ነጠላ ወይም ሻሽ አፍ ላይ ማሰር ቀጭኑን አቧራ አያግድም። ለዚሁ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

6. የሥራ ልብሳችሁን ቤት ውስጥ አታራግፉ። ከውጭ አውልቁት፤ ውሃ አርከፍክፋችሁ እጠቡት። የዊትኑምን ሴቶች አስቡ።

7. የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ክፍቱን ትታችሁ አትሂዱ። የጎረቤት ልጅና ከብት ይገባበታል።

8. ማዕድን የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ በእጅ መሣሪያ የሚቆፍሩ ሰዎች ከክልሉ ፈቃድ እንዲያወጡ ያዛል። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት የወረዳውን የማዕድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ወረቀቱን ጻፉ

ፊደል ያወቀ ሰው ድንጋይ ሲለቅም ፊደሉ ይጠቅመዋል። በዓለም ያሉ ድንጋይ ሰብሳቢዎች ሁሉ አንድ ልማድ አላቸው። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ትንሽ ወረቀት ይጽፋሉ። የተገኘበት ቦታ ያልተጻፈበት ድንጋይ በእነርሱ ዘንድ አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ ነው። እናንተም እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

የተገኘበት ቦታ፤ የተገኘበት ቀን፤ ደረቅ ክብደቱ በግራም፤ የተሸጠበት ዋጋ፤ የገዢው ስም።

ኦፓል የሚሸጠው በግራም ነው። 1000 ግራም 1 ኪሎ ነው። ለምሳሌ፣ የአንዱ ግራም ዋጋ 50 ብር ነው እንበል። ድንጋዩ ደርቆ ሲመዘን 12 ግራም ሆነ። 12 ጊዜ 50 ስንት ነው? 600 ብር ነው። ይህን በወረቀት አስልቶ የሚሄድ ገበሬ በገበያ አይታለልም። ሚዛኑንም ራሱ ያነባል።

በወረቀቱ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ክር አለው? የለውም?» ክር ካለው አትስበሩት፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ይህች አንዲት መስመር የራሳችሁንና የልጆቻችሁን ሳንባ ትጠብቃለች።

ጋሸና ላይ አንዱ ከጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ፈትቶ «ይኼ ድንጋይ ዋጋ አለው ወይ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ አስታውሱት። የድንጋዩ ዋጋ በሚዛን ይታወቃል። የሰው ትንፋሽ ግን ሚዛን የለውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኦፓል የሚገኘው በየትኛው ንጣፍ ውስጥ ነው? ዋሻው የሚደረመሰው ለምንድን ነው?

2. የአስቤስቶስ አቧራ ከአውድማ አቧራ በምን ይለያል?

3. በዊትኑም ጉድጓድ ያልገቡ ሴቶች ለምን ታመሙ? ከዚህ ምን እንማራለን?

4. አንድ ኦፓል ደርቆ 15 ግራም መዘነ። የአንዱ ግራም ዋጋ 40 ብር ቢሆን ስንት ብር ይሸጣል?

5. በቀበሌያችሁ ክፍቱን የቀረ ጉድጓድ አለ ወይ? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?